በቤንጋል ሠርግ ከዳር የቆሙት

በወርኃ ጥር፣ እኛ ዘንድ ድንኳን ያልተተከለበት ሰፈር በማይገኝበት ሰሞን፣ ለሌላ ሕዝብ ሠርግ ተጠርቼ ባሕር መሻገሬ የወንድሜን ልጅ ለሚድሩት ዘመዶቼ እንደ ክሕደት ቢታያቸውም፣ ጥሪው እምቢ የሚባል አልነበረም። በ1962 ዓ.ም. ደሴ ላይ ሒሳብ ያስተማሩኝ፣ በዘመነ ጃንሆይ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችንን ሞልተዋቸው ከነበሩት የህንድ መምህራን አንዱ የሆኑት ሰው ትውልዳቸው ቤንጋል ነበር፤ እሳቸው ካረፉ ብዙ ዓመት ቢያልፍም፣ ባለቤታቸው የልጅ ልጃቸው ስትዳር «ከሐበሻ ልጆቼ አንዱ እንኳ ካልመጣ ሠርጉ ጎደሎ ነው» ብለው በስልክ አስነገሩኝ።

ዛሬ የምጽፈው በይበልጥ ስለ እኒህ ሴት ስለሆነ፣ ያን ጊዜ እንዴት እንደ ነበሩ አስቀድሜ ልናገር። ጠርዙ ቀይ የሆነ ነጭ ሳሪ ይለብሱ ነበር፤ በፀጉራቸው ክፍል ላይ እንደ ደም የቀላ መስመር ይታያል፤ በሁለቱም እጆቻቸው ከባሕር ዛጎል የተቈረጠ ነጭ አምባር፣ ከእሱም ጎን ቀይ አምባር ነበረ፤ ይህም ሁሉ ባለ ባል መሆናቸውን የሚያውጅ ማኅተም መሆኑን ያወቅሁት ኋላ ነው። አማርኛን የተማሩት ከቤት ሠራተኛቸውና ከገበያ ሴቶች ሲሆን፣ የገዛ ቋንቋቸው «እሱ»ንና «እሷ»ን በአንድ ቃል የሚጠራ በመሆኑ፣ ሰውን ሁሉ በአንስታይ ጾታ ያነጋግሩ ነበርና፣ እኛን ጢም ያቀመቀምን ጎረምሶች «ነይ፣ ቁጭ በይ፣ ሻይ ጠጪ» ሲሉን በሳቅ እንሞት ነበር። በደሴ ላይ የነበራቸው ቅሬታ አንድ ብቻ ነው፤ ዓሣ የለም። ቤንጋላዊን ዓሣ መንሳት ወሎዬን እንጀራ እንደ መንሳት ነው።

ከኮልካታ፣ ከሆውራ ጣቢያ የተሳፈርሁበት ባቡር በሦስት ሰዓት ያህል ቦልፑር አደረሰኝ፤ ቦልፑር ባለቅኔው ራቢንድራናት ታጎር በ1901 (ከዚህ ወዲያ የምጠራቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ትምህርት ቤት ያቆመባት የሻንቲኒኬታን ደጅ ናት። ከዚያ ወደ መንደሩ የሚወስደው መንገድ አፈሩ ቀይ፣ ግራ ቀኙ ደግሞ በሰናፍጭ አበባ ቢጫ ነው፤ መስከረም የጠባ መስሎኝ ነበር።

ወሩ ግን ጥር ነው፤ እነሱ «ማግ» ይሉታል። ከእሱ በፊት ባለው «ፖውሽ» በተባለው ወር ሠርግ አይደገስም፤ እኛም በጾመ ነቢያት አንድርምና፣ ምክንያታችን የየቅል ቢሆንም ሁለቱም ሕዝቦች በአንድ ሰሞን ተከልክለው በአንድ ሰሞን መለቀቃቸው ደስ አለኝ። ቀኑንና ሰዓቱን የሚወስነው «ፓንጂካ» የተባለ መጽሐፍ ሲሆን፣ ይህም ባሕረ ሐሳብንና ዐውደ ነገሥትን በአንድ ጥራዝ እንደ መጠረዝ ያለ ነው። ኮከቡ ተቈጥሮ የተቈረጠችው ሰዓት «ሎግኖ» ትባላለች፤ በጥንቱ ልማድ ሰዓቲቱ ሙሽራይቱ ሳትዳር ካለፈች፣ ልጅቱ ዕድሜዋን ሁሉ ባል የማታገኝ ርጉም ሆና ትቈጠር ነበር። ሳትያጂት ሬይ በ1959 በሠራው «የአፑ ዓለም» በተባለው ፊልሙ፣ ሙሽራው አእምሮው የታወከ ሆኖ በመገኘቱ፣ ለግብዣ ብቻ የመጣው ድኻ ጎረምሳ ሰዓቲቱ ሳታመልጥ ሙሽራ ሆኖ ሲገባ ያሳየን ይህን ፍርሃት ነው። በእኛ ሠርግ ሙሽራው ሦስት ሰዓት ቢዘገይ ወጡ ይቀዘቅዛል እንጂ ማንም አይረገምም።

በሠርጉ ዕለት ከነግህ በፊት፣ ገና ኮከብ ሳለ፣ ሙሽራይቱን ቀስቅሰው እርጎና የተዳመጠ ሩዝ አበሏት፤ ከዚያ በኋላ ሥርዓቱ እስኪፈጸም ድረስ ጿሚ ናት። የሠርግ ዕለት መጾም ለእኛ ያስደንቀን ይሆናል፤ ነገር ግን ሥርዓተ ተክሊል የሚፈጽሙ ሙሽሮቻችን ሥጋ ወደሙ የሚቀበሉት ጾመው መሆኑን ሳስብ መደነቄን ተውሁ። አባትዮው በበኩላቸው ከካህኑ ጋር ተቀምጠው ሙታን አያቶቻቸውን በስም እየጠሩ ሩዝና ውኃ አቀረቡ፤ ተዝካርና ሠርግ በአንድ ቀን፣ በአንድ ግቢ ሲፈጸም ያየሁት በዚያ ብቻ ነው።

ሲነጋ ሴቶቹ እንስራ ይዘው ውኃ ሊቀዱ ወደ መንደሩ ኩሬ ወረዱ፤ እኔም ከኋላ ተከተልሁ። እንስራው ውኃውን እንደ ነካ፣ አንዲቱ ሴት የዛጎል መለከት ነፋች፣ የቀሩት ምላሳቸውን እያርገበገቡ ጮኹ፤ እኔም በአጥንቴ ውስጥ አንድ ነገር ተንቀጠቀጠ። እልልታ ነው። እነሱ «ኡሉ» ይሉታል። ከአምስት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዤ የእናቴን ድምፅ በአንድ የቤንጋል ኩሬ ዳር ስሰማ፣ ሰው ደስታውን ለመግለጽ ከቃል በፊት ያገኘው ድምፅ ይህ ይሆን እንዴ አልሁ።

ቀጥሎ ከሙሽራው ቤት ጥሎሹ በትሪ በትሪ መጣ፤ ለሙሽራው ገላ የተቀባው የእርድ ልቍጥ ትራፊም ለሙሽራይቱ አብሮ ተልኮ ነበርና፣ ሴቶቹ እየተሳሳቁ ፊቷንና ክንዷን ቢጫ እስኪሆን ድረስ ቀቧት። ከትሪዎቹ ሁሉ ግን ዓይኔን የያዘው አንድ ትልቅ ዓሣ ነው። «ሩዪ» የሚሉት የወንዝ ዓሣ ሲሆን፣ እንደ ሙሽራ ቀይ ሳሪ ተጠቅልሎለት፣ ሎቲ ተሰክቶለት፣ በግንባሩ ቀለም ተነጥቦለት በሙዝ ቅጠል ላይ ተጋድሟል። ልጆቹ ከሙሽራይቱ ይልቅ እሱን ከበቡት፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ከልጆቹ ጋር ነበርሁ።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ መካከል የመምህሬን ባለቤት ስፈልግ አጣኋቸው። ኩሬው ዳር የሉም፤ እርዱ ሲቀባም የሉም። በመጨረሻ ያገኘኋቸው ከግቢው ማዶ፣ በአንዲት ትንሽ ቤት በረንዳ ላይ፣ ጠርዝ የሌለው ነጭ ሳሪ ለብሰው ተቀምጠው ነው፤ የፀጉራቸው ክፍል ባዶ፣ እጆቻቸውም ባዶ ናቸው። በሠርግ ሥርዓት እጅ ማስገባት የሚገባቸው «ኤዮ» የተባሉት፣ ባሎቻቸው በሕይወት ያሉ ሴቶች ብቻ ናቸው፤ የመበለት እጅ የነካው እርድ፣ የመበለት እንስራ የቀዳው ውኃ ለሙሽራይቱ ገድ አይሆንም ተብሎ ይፈራል። በደሴ ዓሣ አጣሁ ይሉ የነበሩት እኒህ ሴት፣ ባላቸው ከሞቱበት ቀን ጀምሮ በጥንቱ የመበለት ሥርዓት ዓሣ አይቀምሱም፤ ሥጋም፣ ሽንኩርትም እንዲሁ። እኛም ሐዘንተኛን ከዘፈን እናርቃለን፤ ነገር ግን ማቅ የሚወጣበት ቀን አለው።

ቤንጋሎች ይህን ነገር ሳይመረምሩ አልተዉትም። ኢሽዋር ቻንድራ ቪድያሳጋር የተባሉት የሳንስክሪት ሊቅ፣ መበለት ዳግመኛ ብታገባ ኃጢአት እንደሌለባት ከገዛ ቅዱሳት መጻሕፍታቸው ጠቅሰው ከአገሩ ካህናት ጋር ከተከራከሩ በኋላ ሕጉ በ1856 ታወጀ፤ በዚያው ዓመት በታኅሣሥም የመጀመሪያው ሠርግ በኮልካታ ተደገሰ። ሕግ ማግባትን ይፈቅዳል፤ የአያትን እጅ ወደ እርዱ ሳሕን የሚያመጣ ሕግ ግን እስከ ዛሬ አልወጣም፤ ሊወጣም የሚችል አይመስለኝም፤ ይህ የቤተ ሰብ ድፍረት የሚሻ ነው።

ማታ ሙሽራው መጣ። በራሱ ላይ የጫነው «ቶፖር» የተባለው ሾጣጣ ነጭ ዘውድ የተሠራው በረግረግ ከሚበቅል «ሾላ» ከሚሉት ተክል ልብ ነው (ከእኛ ሾላ ጋር በስም እንጂ በሌላ አይገናኝም)፤ እጅግ ቀላል በመሆኑ እንግሊዞች በህንድ ሳሉ ለፀሐይ የሚደፉትን ጠንካራ ባርኔጣ ይሠሩበት የነበረው እሱኑ ነው። የሙሽራይቱ እኅቶችና ጓደኞች ደጁን ዘግተው ገንዘብ ካልሰጠህ አትገባም ሲሉት፣ ሚዜዎቹ ሲከራከሩ፣ አስተርጓሚ አላስፈለገኝም።

ከዚያም ሙሽራይቱ በዝቅተኛ የእንጨት መቀመጫ ላይ እንደ ተቀመጠች ወንድሞቿ ተሸክመዋት ወጡ፤ «ፓን» በሚሉት ተክል ሁለት ቅጠሎች ፊቷን እንደ ሸፈነች፣ በቆመው ሙሽራ ዙሪያ ሰባት ጊዜ አዞሯት። ተሸካሚዎቹ ላብ አጥምቋቸው፣ ከመካከላቸው አንዱ እየተንገዳገደ፣ ሽማግሌዎቹ ሰባቱን ዙር ጮኸው እየቈጠሩ፣ ሰባተኛው ሲፈጸም ቅጠሎቹን ቀስ አድርጋ ከፊቷ አነሣችና ተያዩ። ሁለቱም በኮልካታ አንድ መሥሪያ ቤት ሁለት ዓመት ጎን ለጎን የሠሩ መሆናቸውን አውቃለሁ፤ ቢሆንም በዚያች ቅጽበት ልጅቱ እንደማታውቀው ሰው አየችው፤ እልልታውም የጣራውን ቈርቈሮ አንቀጠቀጠው።

የሙሽራይቱ እናት ይህን አላዩም። በቤንጋል እናት የልጇን ሠርግ አታይም፤ የእናት ዓይን ለልጅ ትዳር አይበጅም ይባላል። አባት ልጁን አሳልፎ ሲሰጥ፣ የሁለቱ እጆች በናሱ ገንቦ ላይ በክር ሲታሰሩ፣ ወንድም በእኅቱ መዳፍ የሩዝ ፈንዲሻ ሲያፈስና ከእሳቱ ሲጨመር፣ በመጨረሻም ሙሽራው ቀዩን ዱቄት በፀጉሯ ክፍል ሲቀባ፣ እናትዮዋ በጓዳ ጣፋጭ እየቈጠሩ ነበር። ውኃ ፍለጋ ገብቼ ሳለሁ የመለከቱ ድምፅ ሲሰማ እጃቸው ቆመ፤ የደረሱበትን ቍጥር ረሱና እንደገና «ኤክ፣ ዱይ፣ ቲን» ብለው ጀመሩ።

ስለ ግብሩ ብዙ አልልም። በሙዝ ቅጠል ላይ ዓሣው፣ የፍየል ሥጋው፣ በመጨረሻም በክረምት ሌሊት ከተምር ዛፍ ከሚንጠባጠበው ጭማቂ በተነጠረ ስኳር የተሠራው ጣፋጭ ተራ በተራ ቀረበ፤ አስተናጋጆቹ «በቃኝ» የሚለውን ቃል በየትኛውም ቋንቋ አያውቁትም።

በማግስቱ ስንብት ሆነ። ሙሽራይቱ ጀርባዋን ለቤቱ ሰጥታ፣ እፍኝ ሩዝ በራሷ ላይ ወደ ኋላ ትበትናለች፤ እናት የሳሪዋን ጫፍ ዘርግታ ከኋላ ትቀበላለች፤ ልጅቱም «ዕዳችሁን ሁሉ ከፈልሁ» ማለት ይገባታል። ሙሽራውም ለጋብቻ ከቤቱ ሲወጣ፣ በጥንቱ ደንብ ለእናቱ «ገረድ ላመጣልሽ ሄድሁ» ይላል። ይህ ሁለተኛው ቃል የሚከላከልለት ጠበቃ ያገኛል ብዬ አላምንም፤ የእኛው ሙሽራ «ጓደኛ ላመጣልሽ» ብሎ እንዳለፈው ራሱ ነግሮኛል። ስለ ዕዳው ግን ቤተ ሰቡ ሳምንቱን ሙሉ ሲከራከር ሰንብቷል። በኮልካታ ናንዲኒ ቦውሚክ የተባሉ የሳንስክሪት መምህርት፣ ሴት ሳሉ ካህን ሆነው፣ ልጅን እንደ ዕቃ አሳልፎ የመስጠቱን ክፍል አስቀርተው ያጋባሉና፣ ሙሽራይቱ እሳቸው ይጠሩልኝ ብላ ነበር፤ አባትዮው የመንደሩን ካህን ማስቀየም አልወደዱም። የተስማሙት ሩዙን ልትበትን፣ ቃሉን ግን ላትናገር ነው።

እኔ ቃሉ ይቅር ባይ ነኝ፤ ነገር ግን ደንቡን የሠሩት ሰዎች ሞኞች ነበሩ ብዬ አላስብም። የሃያ ሰባት ዓመት ጡት፣ እንቅልፍና ምሳ ዕቃ በእፍኝ ሩዝ እንደማይከፈል የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው እንዲህ ያለ ሐሰት በሥርዓት የሚያስነግር። የሚያስከፋኝ ሌላ ነው፤ ሁለቱን ቀን ሙሉ ለእናትዮዋ ከተሰጣቸው ቦታ በግልጽ የታዩበት ይህ ብቻ መሆኑ፣ እሱም ከልጃቸው ጀርባ መሆኑ።

ልጅቱ ዝም ብላ በተነች። ከሩዙ እኩሌታው በሳሪው ላይ፣ እኩሌታው በመሬት ላይ ወደቀ። ከዚያም ያልተጻፈ ነገር አደረገች፤ ወደ መኪናው ስትሄድ መንገዷን ሰብራ፣ አክስቶቿ በዓይን እየጠቀሱ ሲከለክሏት፣ ወደ ማዶው በረንዳ ወጣችና የአያቷን እግር ነክታ፣ ባዶ እጃቸውን አንሥታ በራሷ ላይ አኖረችው። ማንም አልተናገረም። መኪናው ሄደ፤ ድንቢጦች በሩዙ ላይ ወረዱ።

ከቀትር በኋላ፣ ግቢው ሲጠረግ፣ እትዬ ጠሩኝና በበረንዳው ላይ ከጎናቸው አስቀመጡኝ። ከትናንቱ የተረፈ ዓሣ በሩዝ አስቀርበውልኝ ነበር፤ ከፊታቸው ያለው ክክ ወጥና ድንች ነው። እኔ በጣቶቼ ሥጋውን ስፈለቅቅ፣ ዓይናቸው እያንዳንዱን እሾኽ ከእጄ እስከ ሳሕኑ ጠርዝ ሲከተል ቈየ።

«እሾኽ ብዙ ነው» አሉኝ በአማርኛ፤ «ቀስ ብለሽ ብዪ።»