ዘበኛውን አስሮ ሌባ ፍለጋ

ሰሞኑን ስለ አልዛይመር የወጣው ጽሑፍ ጥፋቱን ሁሉ በማይክሮግሊያ ላይ አላክኳል። እነዚህ የአንጎል የመከላከያ ሴሎች በብግነት ነርቭ ይፈጃሉና በመድኃኒት ጸጥ ይበሉ ነው ነገሩ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን!

ትረም2 የተባለውን ጂን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተሙ ሁለት ጥናቶች እንዳሳዩት፣ በዚህ ጂን ላይ አንዲት ፊደል ስትቀየር በበሽታው የመያዝ ዕድል ሦስት እጥፍ ገደማ ይሆናል። አንጎል ውስጥ ጂኑ በዋናነት የሚሠራው እዚሁ ማይክሮግሊያ ውስጥ ነው። ለውጡም ሴሎቹን አያስቆጣም፤ ያሰንፋቸዋል እንጂ። ጤነኛ ማይክሮግሊያ በታማሚው አንጎል የሚጠራቀመውን አሚሎይድ የተባለ ፕሮቲን ክምችት እንደ አጥር ከብቦ ይጠቀጥቀዋል። ትረም2 በሌላቸው አይጦች ላይ ግን አጥሩ ይሳሳል፤ ክምችቱ ዳርዳሩ ይበታተናል፤ አጠገቡ ያሉት የነርቭ ክሮችም ያብጣሉ።

ብግነት ማብረዱስ መች ሳይሞከር ቀረ? በቤተሰባቸው በሽታው ላለ፣ 70 ዓመት ለሞላቸው ጤነኞች ናፕሮክሰንና ሴሌኮክሲብ ተሰጥቶ ነበር። አላዳናቸውም።

ማይክሮግሊያ ንጹሕ ነው አልልም፤ በአይጥ አንጎል ደህናውን የነርቭ መገናኛ ሲበላ እጅ ከፍንጅ ተይዟል። ግን መቼ? በየትኛው የበሽታው ደረጃ? ጸሐፊው ይህን አንድም ቦታ አላነሡትም።