ውሃው ቆላ፣ ገንዳው ከተማ

ሆሳዕና ላይ «ዋና በትምህርት ቤት ግዴታ ይሁን» ብሎ መነሣት መጀመሪያ ፈገግታ ያስከትላል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ደጋ ላይ ናት፤ ነዋሪዋን የሚያሳስበው ውሃ እንዳይወስደው ሳይሆን ቧንቧው መቼ እንደሚመጣ ነው። ዋና ሲባል ትዝ የሚለው ወይ የሆቴል መዋኛ ገንዳ ነው፣ ወይ በ2008 ዓ.ም. የሪዮ ኦሊምፒክ በ100 ሜትር ነፃ ዋና ከ59 ተወዳዳሪዎች 59ኛ የወጣው ሮቤል ኪሮስ። አንዱ ቅንጦት ነው፣ ሌላው የሳቅ ምክንያት ሆኖ ቀርቷል። ሁለቱም ጥያቄውን ከቦታው ያስቱታል። እዚህ የምከራከርለት ዋና ሜዳሊያም መዝናኛም አይደለም፤ ውሃ ውስጥ የወደቀ ልጅ እስኪደረስለት ድረስ በሕይወት የሚቆይበት ችሎታ ነው። ይህ ችሎታ በሀዲያና በከምባታ ትምህርት ቤቶች ግዴታ መሆን አለበት፤ የሚጀመረው ግን ከሆሳዕናና ከዱራሜ ሳይሆን ከቆላው ነው።

ካርታውን ማየት ይበቃል። በምዕራብ የኦሞ ጊቤ ሸለቆ አለ፤ በምሥራቅ ቢላቴ ይወርዳል፤ ሻሸጎ ወረዳ ውስጥ የቦዮ ሐይቅ ተኝቷል፣ ቢላቴም ሞልቶ ሲወጣ ሜዳውን ውሃ ያለብሰዋል። በዚህ ላይ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጊቤ 3 ግድብ መጣ። ግድቡ 243 ሜትር ከፍታ አለው፤ ያቆረው ውሃም ሸለቆውን ተከትሎ ወደ 150 ኪሎ ሜትር ይዘልቃል። ከዚያ በፊት በሸለቆው ዳር ያለው የሶሮና የጠምባሮ ሰው የሚያውቀው ወንዝ ነበር፤ የት እንደሚሻገሩት፣ በየትኛው ወር እንደሚከብድ አባት ለልጅ ይነግረው ነበር። ሐይቅ ሌላ ነገር ነው። ድምፅ የለውም፣ ዳርቻው ከወቅት ወቅት ይሸሻል ይመለሳል፣ ትናንት ጭቃ የነበረው ዛሬ ጥልቅ ነው። የአባቶች እውቀት የወንዝ ሆኖ ልጆቹ የሐይቅ ዳር ሰው ሆነዋል፤ ይህን ክፍተት ከትምህርት ቤት በቀር ማን ሊሞላው ነው? ደጋውም ቢሆን ከውሃ ነፃ አይደለም። ለመስኖ የሚቆፈር፣ ጎኑ በፕላስቲክ የተለበጠ የውሃ ማቆሪያ ውስጥ የገባ ልጅ የሚይዘው ነገር የለውም።

ማስተማሩ ያድናል ወይ? የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት መሠረት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2021 በዓለም ላይ 300 ሺህ ያህል ሰዎች ሰጥመው ሞተዋል፤ ከአሥሩ ዘጠኙ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች። ድርጅቱ ከሚመክራቸው እርምጃዎች አንዱ ለትምህርት የደረሱ ልጆችን መሠረታዊ ዋናና የውሃ ጥንቃቄ ማስተማር ነው። ማስረጃው የመጣው ከሀብታም አገር አለመሆኑ ለእኛ ይጠቅማል። ባንግላዴሽ ውስጥ የገጠር ልጆች በመንደር ኩሬ፣ በቀርከሃ በተሠራ መድረክ ላይ ተምረዋል። የማለፊያው ልክ 25 ሜትር መዋኘት፣ 30 ሴኮንድ መንሳፈፍና ከዳር ሆኖ ሌላውን ማዳን ነበር። በተማሩት መካከል የመስጠም ሞት ካልተማሩት ከ90 በመቶ በላይ አንሶ ተገኝቷል። ቁጥሩን እንዳለ አልውጠውም፤ ልጁን ዋና ለማስተማር የሚልክ ቤተሰብ ከመጀመሪያውም ጠንቃቃ ሊሆን ይችላል። ግማሹ እንኳ እውነት ቢሆን ግን ለቀርከሃና ለገመድ ዋጋ ብዙ ነው። ማስተማሩ ወሰንም አለው፦ በዓለም ሰጥመው ከሚሞቱት ሩብ ያህሉ ከአምስት ዓመት በታች ናቸው፤ እነሱን የሚያድናቸው አጥርና ጠባቂ እንጂ ክፍል አይደለም።

ከተቃውሞዎቹ ሁሉ የሚከብደኝ የገንዘቡ ነው። በ2016 ዓ.ም. ሀዲያ ውስጥ የመምህራን ደመወዝ ዘግይቶ ትምህርት እስከ መቋረጥ ደርሶ ነበር። ደመወዝ ያልደረሰውን መምህር «ዋና አስተምር» ማለት ስድብ ይመስላል። ተቃውሞው ትክክል የሚሆነው ግን ግዴታው «እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ገንዳ ይሥራ» ከሆነ ነው። እንዲያ ከሆነ በጀቱ ወደ ሆሳዕና ይሄዳል፤ የክልሉ የአስተዳደር ማዕከል ናትና ገንዳውም የምርቃቱ ሪባንም እዚያ ይሆናሉ፣ ቦዮ ዳር ያለው ልጅ በቴሌቪዥን ያየዋል። የምለው ሌላ ነው፦ የሆሳዕና መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ለስፖርት መምህራን የሚሰጠው ሥልጠና፣ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት የሚዞር ተነቃይ ገንዳ፣ ገመድና ባዶ ጀሪካን። ጀሪካኑ ቀልድ አይደለም፤ ክዳኑ ከተዘጋ ሰው ያንሳፍፋል፣ በየቤቱም አለ። «ጓደኛህ ሲሰጥም አትግባ፣ ወርውርለት» የሚለው ትምህርት ደግሞ ውሃም አይፈልግም። ተነቃይ ገንዳ ያልኩትም በምክንያት ነው፤ ኦሞ ውስጥ አዞና ጉማሬ አለ፣ በረጋ ውሃ ቢልሃርዚያ ያሰጋል፣ ልጆችን ይዞ ወደ ሐይቁ መውረድ ከአንዱ አደጋ ወደ ሌላው መውሰድ ነው።

«ታዲያ ለምን ግዴታ? የፈለገ ይማር» የሚል ይኖራል። መልሱ ሴት ልጆች ናቸው። ወንዱ ከብት ሲጠብቅ ወንዝ ወርዶ፣ ደህናም ባይሆን፣ ራሱን ያስተምራል። ሴቷ በየቀኑ ጀሪካን ይዛ ውሃው አፍ ላይ ትቆማለች፣ ልብሷን አውልቃ ግን አትገባም፤ ነውር ነው። ትምህርቱ በፈቃድ ከሆነ የሚመዘገበው ያው ወንዱ ነው። ስለዚህ ግዴታው በሩን ለእሷ የሚከፍት ነው። የቤተሰብን እምነት መጋፋትም የለበትም። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ2017 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የሙስሊም ቤተሰብ ሴት ልጆች ከድብልቅ የዋና ክፍል አይቀሩም ያለችውን ስዊዘርላንድን ሲደግፍ፣ ልጆቹ ሰውነት በሚሸፍን ልብስ እንዲዋኙ መፈቀዱን ቆጥሮላታል። እዚህ ከዚያም በላይ ማድረግ ይቻላል፦ ለሴቶች የብቻ ሰዓት፣ ሴት አስተማሪ፣ የሚሸፍን ልብስ። ወንዝ ወርዶ ማጥመቅን የለመዱ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ባሉበት አካባቢ ውሃ መግባት በራሱ ባዕድ አይደለም።

ውሃ የሚወስደው ዋናተኛን ነው የሚለው አነጋገር ጥቂት እውነት አለው፤ የቻለ ይደፍራል። ለዚህ ነው ትምህርቱ ፍጥነትን ሳይሆን መንሳፈፍንና መፍራትን ማስቀደም ያለበት። ከዚህ አካባቢ ብዙ ወጣት በሚወጣበት የደቡብ አፍሪካ መንገድም ውሃ አለ፤ ሰኔ 2004 ዓ.ም. ማላዊ ሐይቅ ላይ በተገለበጠች ጀልባ ከ40 በላይ ኢትዮጵያውያን ሰጥመዋል። ይህን ለክርክሬ ማጠናከሪያ ማድረግ ቀላል ነበር፤ አላደርገውም። ከዳርቻ ርቆ ለተገለበጠ ጀልባ 25 ሜትር ዋና መልስ አይሆንም።

ግዴታው ልጁን ከክፍል የሚያስቀር ፈተናም መሆን የለበትም። ማስተማሪያውን ያላቀረበው ወረዳ ይጠየቅ፣ ያልተንሳፈፈው ልጅ ግን ይለፍ። ወሩም መመረጥ አለበት። የሰኔ ፈተና አልቆ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ክረምቱ ይገባል፤ ቢላቴ የሚሞላው ልጆቹ ሜዳ ላይ ሲሆኑ ነው። ትምህርቱ ፀሐይ ባለበትና ውሃው በማይቀዘቅዝበት ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ካልተሰጠ፣ መስከረም ላይ ሲጀመር ለዚያ ክረምት አልፎበታል።