ከቀኝ ወደ ግራ የሚነበብ ስም



በመድረሳ ከቀኝ ወደ ግራ፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት ደግሞ ከግራ ወደ ቀኝ ማንበብ ተምረን ነው ግቢ የገባነው። ሁለቱንም ያለ ችግር እናፈራርቃለን። የኢንተርኔት አድራሻ ላይ ስንደርስ ግን አብዛኞቻችን ከግራ እንጀምርና የምናውቀውን ስም ስናይ እዚያው እናቆማለን። አጭበርባሪዎች የሚጠቀሙት ይህንኑ ልማድ ነው። አድራሻ የሚጻፈው ከግራ ወደ ቀኝ ቢሆንም የሚፈታው ከቀኝ ተጀምሮ ነው።

በቴሌግራም ግሩፖቻችን የሚዘዋወሩትን የስኮላርሺፕ ሊንኮች አስቡ። ሙሉ ወጪ የሚሸፍን፣ ቪዛ የሚያስጨርስ፣ ሁልጊዜም "ዛሬ ማታ ይዘጋል" የሚል። የፓስፖርት ኮፒ፣ ትራንስክሪፕትና ስልክ ቁጥር ይጠይቃሉ፤ ቀጥሎም በስልክ የሚላከውን ኮድ። ኮዱን የሰጠ ተማሪ አካውንቱን ይቀማል፤ በማግስቱ በእሱ ስም ጓደኞቹ ብር ይጠየቃሉ። ከዚያ ዶርም ውስጥ "ዩኒቨርሲቲ የደረሰ ሰው እንዴት እንዲህ ይታለላል?" የሚል ወሬ ይነሳል። ማንም አድራሻ ማንበብ አላስተማረንምና ይህ ፍርድ ልክ አይመስለንም።

ኮምፒውተሮች የሚገናኙት በቁጥር ነው፤ ስም የሚያስፈልገው ለእኛ ነው። በአርፓኔት ዘመን የሁሉም ኮምፒውተሮች ስምና ቁጥር በአንድ ፋይል ላይ ይጻፍ ነበር። ፋይሉን የሚይዘው በካሊፎርኒያ የሚገኘው የስታንፎርድ ምርምር ተቋም ነበር፤ አዲስ ኮምፒውተር ያለው እዚያ ያስመዘግባል፣ ሌላው ፋይሉን እየገለበጠ ይወስዳል። ኮምፒውተሮቹ ሲበዙ አሠራሩ አላዋጣም። እ.ኤ.አ. በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ ዛሬ ዲኤንኤስ የምንለውን ሥርዓት ነደፈ። በዚህ ሥርዓት ሁሉን የሚያውቅ አንድ መዝገብ የለም። እያንዳንዱ ከሥሩ ያለውን ብቻ ያውቃል፤ ጠያቂውን ወደሚቀጥለው ይመራል።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን አድራሻ እንውሰድ፦ ኤኤዩ ዶት ኢዲዩ ዶት ኢቲ። ስልካችን መጀመሪያ የሚጠይቀው ሪዞልቨር የሚባለውን ሰርቨር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የኢንተርኔት አቅራቢያችን ያዘጋጀው ነው። ሪዞልቨሩ መልሱ በእጁ ከሌለ ወደ ሩት ሰርቨሮች ይሄዳል። እነዚህ ከኤ እስከ ኤም በ13 ፊደላት የተሰየሙ ናቸው፤ ስማቸው 13 ይሁን እንጂ ማሽኖቹ በዓለም ዙሪያ ከሺህ በላይ ናቸው። ሩቱ ስለ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚያውቀው ነገር የለም። "ዶት ኢቲን የሚይዙት እነ እገሌ ናቸው፣ እነሱን ጠይቅ" ብሎ ይሸኛል። ዶት ኢቲ የኢትዮጵያ ነው፤ የሚያስተዳድረውም ኢትዮ ቴሌኮም ነው። በዚያ በኩል ኢዲዩ የትምህርት ተቋማት ክፍል ነው፤ በመጨረሻ የዩኒቨርሲቲው የራሱ ሰርቨር ይደረስና ቁጥሩን ይሰጣል። ሪዞልቨሩ መልሱን ለተወሰነ ጊዜ ስለሚያስቀምጠው ቀጣዩ ጠያቂ ይህን ሁሉ መንገድ አይጠብቅም። እንግዲህ ኢቲ፣ ከዚያ ኢዲዩ፣ ከዚያ ኤኤዩ፤ ጉዞው ከቀኝ ወደ ግራ ነው።

አሁን ለምሳሌ ያህል የፈጠርነውን ይህን አድራሻ እዩ፦ ኤኤዩ ዶት ኢዲዩ ዶት ኢቲ ዶት ስኮላርሺፕ-ምዝገባ ዶት ኮም። ከግራ ያነበበ ሰው ዩኒቨርሲቲውን አይቶ ይረጋጋል። ከቀኝ ያነበበ ግን መጀመሪያ ዶት ኮምን፣ ቀጥሎ "ስኮላርሺፕ-ምዝገባ" የሚል ስም ያገኛል። ያንን ስም በዓመት ጥቂት ዶላር የከፈለ ማንኛውም ሰው ሊይዘው ይችላል። የስሙ ባለቤት ከሆነ በኋላ ደግሞ በስተግራ የሚጽፈውን ማንንም አያስፈቅድም። በገዛ ግቢው ውስጥ "ቤተ መንግሥት" የሚል ሰሌዳ እንደሰቀለ ሰው ነው። ስለዚህ ሊንክ ሲደርሰን የመጀመሪያውን ነጠላ ስላሽ እንፈልግ፣ ከእሱ ወደ ግራ እንቁጠር። ከስላሹ በኋላ የተጻፈው ምንም ያህል ቢያምር ባለቤቱን አይነግረንም።

"የቁልፍ ምልክት ካለው ችግር የለውም" የሚሉ ወንድሞች አሉ። ቁልፉ የሚለው በእኛና በዚያ ስም መካከል ያለው መስመር የተመሰጠረ መሆኑን ነው። ሌባውም ለራሱ ስም ቁልፍ በነፃ ያወጣል።

የዲኤንኤስ የመጀመሪያው አሠራር ከዚህም የከፋ የዋህነት ነበረበት፤ ጥያቄውን የሚመስል መልስ ቀድሞ ከደረሰ ይቀበለዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 ዳን ካሚንስኪ ሪዞልቨሮችን በሐሰት መልስ መበከል ምን ያህል ቀላል እንደሆነ አሳየ። መድኃኒቱ ዲኤንኤስሴክ ይባላል፤ ሩቱ በ2010 በዲጂታል ፊርማ ተፈረመ፣ ከዚያ እያንዳንዱ ደረጃ ከሥሩ ላለው ቁልፍ ይመሰክራል። ሐዲስ የቀራ ሰው ሰንሰለቱን ሲያይ ኢስናድ ትዝ ይለዋል፤ ልክ ነው፣ ግን ግማሹን ብቻ። የሐዲስ ዑለማዎች ሰንሰለቱ አለመቆረጡን አይተው አላቆሙም፤ የእያንዳንዱን ራዊ ታማኝነትም መርምረዋል። ዲኤንኤስሴክ የሚያየው የመጀመሪያውን ነው። መልሱ ከስሙ ባለቤት መምጣቱን ያረጋግጣል፤ ባለቤቱ ሌባ ይሁን አይሁን አይጠይቅም። ያ ሥራ ለእኛ ቀርቷል።

በራሳችን ፊደል አድራሻ ስንጽፍ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ዐረብኛ ይህን በር ቀድሞ አልፏል፤ የግብፅ፣ የሳውዲ ዐረቢያና የኤምሬትስ ስሞች እ.ኤ.አ. በ2010 በዐረብኛ ፊደል ሩቱ ላይ ገብተዋል። ለግዕዝ ፊደልም በ2017 የሩት ደንብ ወጥቷል። ሰላምን በእሳቱ ሰ ጻፉት በንጉሡ ሠ፣ ለእኛ አንድ ቃል ነው፤ ለኮምፒውተር ግን ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ደንቡን ያወጡት ባለሙያዎች ይህን ስላዩ ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደላት ተለዋጭ አድርገው መዘገቡ፤ አንዱ ሲያዝ መንታው ለሌላ እንዳይሰጥ። የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ይሁንና የሚገዛው ሩቱን ብቻ ነው፤ ከዚያ በታች እያንዳንዱ መዝጋቢ የየራሱ ደንብ አለው።

ከቀኝ ማንበብ የሚጠቅመው ግን እውነተኛው ተቋም በራሱ ስም ሲናገር ነው። ቅሬታችንም እዚህ ላይ ነው። የራሱ ስም ያለው ቢሮ የተማሪ መረጃ የሚሰበስበው በነፃ ፎርም ነው። ማስታወቂያው የሚለጠፈው ባለቤቱን በሚደብቅ አጭር ሊንክ ነው። እውነተኛውና ሐሰተኛው አንድ ዓይነት ልብስ ከለበሱ ተማሪው በምን ይለያቸው? እንዲህ ያለ ቢሮ "ከአጭበርባሪ ተጠንቀቁ" የሚል ማስታወቂያ ሲያወጣ፣ እውነት ለመናገር፣ ፈገግ ያሰኘናል። ለትምህርት ተቋማት የተመደበ ስም እያለ ምዝገባን በእሱ ሥር ማድረግ አዲስ በጀት የሚጠይቅ ጉዳይ አይመስለንም፤ አንድ ባለሙያ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚጨርሰው ሥራ ነው።

ለጀመዓችን የሚዲያ ክፍልም ይህንኑ አቅርበናል፦ በቻናሉ የሚወጣ የምዝገባ ሊንክ ሳይታጠር በሙሉ ስሙ ይለጠፍ፣ ከጎኑም የስሙ ባለቤት ማን እንደሆነ ይጻፍ፤ ባለቤቱ ካልታወቀ አይለጠፍ። እስከዚያው የተጠራጠራችሁት ሊንክ ካለ ሳትከፍቱት ስክሪንሾት አድርጋችሁ ላኩልን። ኢንጂነሪንግ ያለነው ተራ ገብተን እናነብላችኋለን፣ ኢንሻአላህ።