የቀብር ክፍያውን ከማሳደጋችን በፊት

ዕድርተኞች ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ለሟች ቤተሰብ የምንሰጠው 20,000 ብር ወደ 30,000 ይደግ ተብሏል። ኑሮው ግድ እንዳለ አይጠፋኝም። ግን እጃችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ስሙኝ፤ የተጠራቀመው 900,000 ብር አያዘናጋን።

300 አባላት በወር 100 ብር ስናዋጣ በዓመት 360,000 ብር ይገባል። ለ30,000 ሲካፈል 12 ለቅሶ ይችላል። ደንባችን የትዳር ጓደኛን፣ ልጅንና ወላጅን ስለሚጨምር በየቤቱ 5 ሰው ብንይዝ 1,500 ነፍስ እንሆናለን። ከሺህ 8 ሰው ቢሞት 12 ለቅሶ ነው። ልክ ለልክ ገጠመ፤ ሐሳቡን ያመጡትም በዚህ ነው የተደፋፈሩት።

ዕድሩን ስናቋቁም ግን ጎልማሶች ነበርን። አሁን ዙሪያችሁን ተመልከቱ። ልጆቻችን ወደየኮንዶሚኒየሙ ሄደው እዚያው ዕድር ገብተዋል፤ አዲስ ተመዝጋቢ የለም። ዕድሜያችን ገፍቶ ከሺህ 8 የነበረው ሟች 16 ቢሆን በዓመት 24 ለቅሶ፣ 720,000 ብር ወጪ ነው። ከገቢያችን የሚበልጠውን ስንሸፍንበት የምንኮራበት ተቀማጭ በሁለት ዓመት ተኩል ያልቃል። ዕድሜውን ሙሉ ሲያዋጣ ኖሮ ከዚያ በኋላ ለሚሞተው ሰው ቤተሰብ ምን ልንል ነው?

ሞትን በቁጥር ማውራት ሟርት የሚመስለው አይጠፋም። የስኮትላንድ ቀሳውስት በ1744 እ.ኤ.አ. ለመበለቶቻቸው ገንዘብ ሲያቋቁሙ፣ አሌክሳንደር ዌብስተርና ሮበርት ዋላስ የተባሉ ቄሶች ከ930 ቀሳውስት በዓመት 27 ያህሉ እንደሚሞቱ፣ 18ቱም መበለት ትተው እንደሚያልፉ አስልተው ነው መዋጮ የቆረጡት። ቄስ ከቆጠረ እኛ የምናፍረው ለምንድን ነው?

ደግሞም 12 አማካይ እንጂ ጣሪያ አይደለም። ሞት ወር ጠብቆ በተራ አይመጣም። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ሲመታ ቀባሪ ጠፍቶ ነበር። የአንድ ዓመት ወጪ የማይነካ ሆኖ ይቀመጥ የምለው ለዚህ ነው።

8ም 16ም የእኔ ግምት ናቸው። ጸሐፊያችን የአባላትን ዕድሜና ያለፉትን 10 ዓመታት ለቅሶ ከመዝገብ አውጥቶ በእውነተኛው ይተካቸው። ግምቴ ከሰመረ ግን 30,000 የሚፈልግ በወር 200 ብር ያዋጣ። በ100 ብር እንቆይ ካላችሁም ለአንድ ለቅሶ የሚደርሰው 15,000 ነው፤ ዛሬ ከምንሰጠውም ያነሰ።