ማሳሰቢያ፦ በረንዳ ላይ ስለሚጠራቀም ውሃ

ለልደታ ኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች፣ ለሳይንስ መምህራንና ለክፍለ ከተማው ኃላፊዎች፤

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ በርሜልና ሮቶ ሞልቶ ማስቀመጥ አስተዋይነት ነው። ማንም አይወቀስበትም። የሚያሰጋው ውሃውን በሊትር ብቻ መቁጠራችን ነው። ወለሉ የሚሸከመው ግን ኪሎውን ነው።

አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይዞ ደረጃ የወጣ ሁሉ ይህን በትከሻው ያውቀዋል። ያው ሰው ባለ 200 ሊትር በርሜል በረንዳ ላይ ሲሞላ ግን ሦስት ጎልማሶችን አንድ ጠባብ ቦታ ላይ ሌት ተቀን እንዳቆመ አያስብም። ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ አንድ ቶን ነው።

የመኖሪያ ቤት ወለል በተለምዶ የሚነደፈው በካሬ ሜትር 2 ኪሎ ኒውተን፣ ማለትም 200 ኪሎ ግራም ገደማ እንዲችል ነው። ለበረንዳ እስከ 4 ኪሎ ኒውተን ሊታሰብ ይችላል። ቁመቱ 1 ሜትር የሆነ ውሃ ግን፣ ዕቃው ሰፊም ሆነ ጠባብ፣ ባረፈበት ስፍራ ላይ በካሬ ሜትር 1,000 ኪሎ ግራም ይጫናል። ዛሬ ማታ ይደረመሳል ማለቴ አይደለም። ንድፉ መጠባበቂያ አለው፤ ጭነቱም ወደ ዙሪያው ይከፋፈላል። ነገር ግን ተንጠልጥሎ የወጣ በረንዳ ጫፉ ላይ እንዲህ ያለ ሸክም ለዓመታት ሲቆይበት ይጎብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ የሚሰርገው እርጥበትም ውስጡ ያለውን ብረት ያዝገዋል።

መምህራን ሆይ፣ ስህተቱ የሚጀምረው ክፍል ውስጥ ነው። 1 ሜትር 100 ሴንቲ ሜትር መሆኑን የሸመደደ ተማሪ 1 ሜትር ኩብንም 100 ሊትር ይለዋል። 1,000 ነው። ፈተና ላይ አንድ ማርክ ያጣል፤ ለቤቱ ሮቶ ሲገዛ ግን ክብደቱን አሥር እጥፍ አሳንሶ ይገምታል። የሠለጠኑ ሰዎችም በመለኪያ ተሳስተዋል። በ1983 እ.ኤ.አ. አንድ የኤር ካናዳ ቦይንግ 767 ነዳጁ በኪሎ ግራም መሰላት ሲገባው በፓውንድ ስለተሰላ፣ ከሚያስፈልገው ከግማሽ በታች ይዞ ተነሣና ሞተሮቹ አየር ላይ ጠፉ። ተማሪዎቻችሁ የየቤታቸውን በርሜል ለክተው ክብደቱን በኪሎ ግራም፣ ከዚያም በኒውተን አስልተው ይምጡ።

ነዋሪዎች፣ በርሜሉን ከበረንዳው ጫፍ አርቃችሁ ወደ ግድግዳው አስጠጉት። ሮቶውን ምድር ላይ አድርጉት። ስንጥቅ ካያችሁ መጀመሪያ ውሃውን አፍስሱ፣ ከዚያ መሐንዲስ ጥሩ።

ኃላፊዎች፣ በረንዳው የሚችለውን መጠን በባለሙያ አስመርምራችሁ በየብሎኩ መግቢያ ለጥፉ። ነዋሪው የሚገዛውም የሚሞላውም በሊትር ነውና፣ በኪሎ ኒውተን ብቻ አይጻፍ።