ከወላጅ ጓሮ ስለሚከፈል ደመወዝ

ሥራ ፈትቶ ከመቀመጥ ጥቂት ደመወዝ ይሻላል የሚል ቃል በከተማ ሰዎች ዘንድ እንደማይሻር ፍርድ ሆኖ ይነገራል። ከሶዶና ከቦሎሶ፥ ከዳሞትና ከሁምቦ ወጥቶ በየከተማው የሚበተነው የወላይታ ወጣት ነገር በተነሣ ቍጥር ይህ ቃል ይጠቀሳል፤ የሰማውም ሁሉ እውነት ነው ብሎ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ሥራ ፈትነት ሰውነትንም አእምሮንም እንደሚያበላሽ የማያውቅ ስለሌለ ቃሉ እውነት ይመስላል። ዳሩ ግን ተናጋሪዎቹ አንድ ነገር ሳይጠይቁ ያልፋሉ፤ ይኸውም ያን ጥቂት ደመወዝ በእውነት የሚከፍለው ማን ነው የሚለው ነው። አሠሪው ነው ብሎ መመለስ ይቀላል። ነገሩ ሲመረመር ግን ከፋዩ ሌላ ሆኖ ይገኛል።

የወላይታ ሰው ሥራን ከፋብሪካ አልተማረም። በዳሞታ ተራራ ዙሪያ ያለው አገር በትንሽ መሬት ብዙ ሰው የሚኖርበት ነው፤ ይህም የሆነው በሥራ ብርታት ነው። ከቤቱ አጠገብ እንሰት፥ ከእንሰቱ ቀጥሎ ቡናና ጎመን፥ ከዚያም ወዲያ ጎደሬ፥ ቦዬ፥ ስኳር ድንችና በቆሎ በየተራቸው ይተከላሉ። ከብቱ ለእንሰቱ ፍግ ይሰጣል፤ እንሰቱም ለሰው ምግብ፥ ለከብት መኖ፥ ለቤት ማሰሪያ ቃጫ ይሰጣል። አንድ ሰው ብቻውን የማይችለውን ሥራ ጎረቤቱ በደቦ ያግዘዋል፤ የታገዘውም በተራው ያግዛል። በዚህ ሥራ ደመወዝ የሚባል ነገር የለም፤ ዋጋ ግን አለ። ዋጋውም መብልና መጠጥ፥ ከሁሉም በላይ ደግሞ ነገ ለእኔም ይመጡልኛል የሚል እምነት ነው።

ይህን ማለት የቀድሞው ዘመን ነቀፋ የሌለበት ነበር ማለት አይደለም። በ1887 ዓ.ም. ንጉሥ ጦና በአፄ ምኒልክ ጦር ከተሸነፉ በኋላ ብዙው የወላይታ ገበሬ ገባር ሆኖ በሌላ ሰው እርሻ ላይ ያለ ዋጋ ሲደክም ኖሯል። የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት ነው የሚለው አዋጅ የወጣው ከ80 ዓመት በኋላ በየካቲት 1967 ዓ.ም. ነው። ደግሞም ወላይታ ራሱ ሸክላ የምትሠራውን፥ ብረት የሚቀጠቅጠውን፥ ቆዳ የሚያለፋውን ሰው የእጁን ሥራ እየገዛ እርሱን ግን ከማዕዱና ከጋብቻው ሲያርቀው ኖሯል። እንግዲህ ሥራን ወስዶ ሠራተኛውን መናቅ ፋብሪካ ያመጣው ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር ሌላ ነው።

አዲሱ ነገር ሥራ ከቤት መለየቱ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ በወላይታ ዞን 1 ሚሊዮን ከ500 ሺህ ያህል ሰው ተቈጥሯል፤ ይህም በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ከ350 ሰው በላይ ማለት ነው። አባት የወረሰውን ቍራሽ መሬት ለልጆቹ ሲያካፍል ለአንዱ የሚደርሰው ጎጆ ለማቆም እንኳ አይበቃም። ስለዚህ ልጁ ይወጣል። አስቀድሞ ወደ ወንጂና ወደ መተሐራ የሸንኮራ እርሻ ወጣ፤ ኋላም ቀለምና ብሩሹን በሣጥን ይዞ ሊስትሮ ሊሆን ወደ አዲስ አበባ ወጣ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ለእኅቱ ሌላ መንገድ ተከፈተ።

በሐምሌ ወር በዚያ ዓመት የሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመረቅ 60 ሺህ ሠራተኛ ይቀጠርበታል ተብሎ ታስቦ ነበር። ከሲዳማ፥ ከወላይታና ከሌሎችም አጎራባች ገጠሮች ሠራተኞች ተመለመሉ፤ አብዛኞቹም ወጣት ሴቶች ነበሩ። በ2011 ዓ.ም. ከኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት የእነዚህ ልብስ ሰፊዎች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን ገለጠ። በዚያው ጥናት የባንግላዴሽ 95፥ የኬንያ 207፥ የቻይና 326 ዶላር ነበር። በ26 ዶላር የቤት ኪራይ ከፍሎ፥ በልቶና ለብሶ ወሩን መጨረስ እንደማይቻል ለመረዳት ሒሳብ ዐዋቂ መሆን አያሻም። ስለዚህ ልጃገረዶቹ ብዙ ሆነው በአንዲት ክፍል አደሩ፤ ከትውልድ ቤታቸውም ስንቅ አስመጡ።

የተሰወረው ነገር በዚህ ይገለጣል። ልጅቱን ያሳደጋት፥ ስትታመም የሚቀበላት፥ ደመወዟ ሲያልቅ የሚመግባት ያ እንሰት የተተከለበት ጓሮ ነው። አሠሪው የከፈለው የእጇን ዋጋ ብቻ ነው፤ እጇን የተሸከመውን ሰውነት የሚያኖረው ግን ድኻው አባቷ ነው። በባሕር ማዶ ገበያ ሸሚዙ የረከሰው የወላይታ ገበሬ ከጓሮው ስለ ጨመረበት ነው። ቀድሞ ገባሩ ጉልበቱን የሚገብርለትን ጌታ በዓይኑ ያየው ነበር፤ አሁን ግን ማን እንደሚቀበለው ሳያውቅ ይገብራል።

ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አለ። ደመወዝ ቢጨመር ባለ ገንዘቡ ወደ ሌላ አገር ይሸሻል ይላሉ። መልሱ በሩቁ ሲሰሙት ብልህ ይመስላል፤ የሆነው ግን ይህ ነው። አሜሪካ በአግዋ ሕግ የሰጠችውን ያለ ቀረጥ የመሸጥ ዕድል በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ አነሣች። ይህ ሳይፈጸም ገና በኅዳር በፓርኩ ካሉት ታላላቅ ኩባንያዎች አንዱ ፋብሪካውን ዘጋ። የሄደውም ደመወዝ ስለ ተወደደበት አልነበረም። እንግዲህ የረከሰ ጉልበት ባለ ገንዘብን አስሮ የሚያስቀር ገመድ አይደለም፤ በሌላ አገር የተጻፈች አንዲት ደብዳቤ ትበጥሰዋለች።

ደግሞም ልጆቹ ትዕግሥት የላቸውም፥ ሥራ ይዘው አይጸኑም ተብለው ይወቀሳሉ። በእርግጥ ያው ጥናት ፋብሪካዎቹ በ12 ወር ውስጥ በአማካይ ሠራተኞቻቸውን ሁሉ እንደሚተኩ ጽፏል። ምክንያቱን ለማወቅ ግን ሁለት ሊቃውንት፥ ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን፥ በኢትዮጵያ በ5 ድርጅቶች ሥራ የጠየቁ 1000 ያህል ሰዎችን በዕጣ ለይተው ያደረጉትንና በ2010 ዓ.ም. የታተመውን ምርምር ማንበብ ይጠቅማል። ፋብሪካ የገቡት ካልገቡት ይልቅ ረዥም ሰዓት ሠሩ፤ ገቢያቸው ግን ይህ ነው የሚባል ብልጫ አላገኘም፤ በብርቱ የታመሙትም በረከቱ። በፋብሪካው ፈንታ 300 ዶላርና የንግድ ትምህርት የተሰጣቸው ግን ገቢያቸው በመቶ 33 ከፍ አለ። እንግዲህ ፋብሪካውን ትታ የወጣችው ልጅ ሰነፍ አይደለችም፤ ሒሳቡን ከመካሪዎቿ ይልቅ አጥርታ ያየች ናት።

ይህ ነቀፋ ለፋብሪካ ጌቶች ብቻ የተጻፈ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር ወደ ገዛ ደጁ ይመልከት። ጫማውን በሣጥኑ ላይ አኑሮ ጋዜጣ የሚያነበው የተማረ ሰው ከእግሩ በታች ያጎነበሰውን ልጅ ስሙን ጠይቆት ያውቃልን? ያ ልጅ ከሚያገኘው ጥቂት ሳንቲም ዕቁቡን ጥሎ፥ ከቀረው ቈጥቦ ለወላጆቹ የማዳበሪያ መግዣ ይልካል። ደግሞስ ላስተምራት ብሎ ከገጠር ያመጣትን ልጅ ከሌሊት እስከ ሌሊት እያሠራ፥ ደመወዝ ሲጠየቅ እንደ ልጄ ነች የሚል ስንት ነው? እንደ ልጅ ከሆነች ከልጆቹ ጋር ወደ ትምህርት ቤት ትሂድ፤ ሠራተኛ ከሆነች ደመወዟን ትቀበል። ልጅም ሠራተኛም አይደለችም ማለት ባሪያ ናት ማለት ነው።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላ ልጅ እንዳይቀጠር ከልክሏል፤ የሥራ ሰዓትም በቀን ከ8፥ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ወስኗል፤ ዝቅተኛ ደመወዝን የሚያጠና ቦርድ እንዲቋቋምም አዝዟል። ሕጉ መልካም ነው። ነገር ግን በ2016 ዓ.ም. የሠራተኞች ማኅበራት ዝቅተኛ ደመወዝ ይወሰን እያሉ ገና ይጮኹ ነበር። ሕግ ተጽፎ ሥራ ላይ ሳይውል ሲቀር ድኻውን የሚጎዳው ሕግ ከሌለበት ጊዜ ይልቅ ነው፤ ባለ ሥልጣኑ ጽፌአለሁ ብሎ ያርፋልና።

የወላይታ እናት አንድ ነገር ታውቃለች። እንሰት እስኪበስል እንደ ዝርያውና እንደ ስፍራው ከ4 እስከ 7 ዓመት ይቈያል። ራብ ሲገባ ግን ባለቤቱ ያልበሰለውን ይነቅላል፤ የዛሬውን ሆድ ይሞላል፥ የከርሞውንም ይጨርሳል። ጎረቤትም ያልበሰለ እንሰት ሲነቀል ባየ ጊዜ በዚያ ቤት ችግር እንደ ገባ ያውቃል። ልጆቹን ሳይበስሉ ለገበያ የሚያወጣ አገር እንዲሁ ያደርጋል። ከዚህም የሚከፋው፥ የዛሬዋን ልጅ ደመወዝ የሚደጕመው ጓሮ በውርስ እየተቈራረሰ በማለቅ ላይ መሆኑ ነው። ጓሮው ባለቀ ጊዜ ለፋብሪካው ሠራተኛ ስንቅ የሚልክ አይኖርም። ያን ጊዜ ጥቂት ደመወዝ ከሥራ ፈትነት ይሻላል የሚለው ቃል ምንኛ ባዶ እንደ ነበረ ይታወቃል፤ ሠርቶ የሚራብ ሰው ሥራ ከፈታው የሚለየው በድካሙ ብቻ ነውና።

ስለዚህ የደመወዝ ልክ መሆን የሚገባው የሥራ ፈቱ ራብ ሳይሆን የሠራተኛው ቤት ነው። ሠርታ የምትኖር ሴት በደመወዟ ቤት ተከራይታ፥ ጠግባ በልታ፥ ለክፉ ቀን ጥቂት ልታስቀር ይገባታል። የታዘዘው ቦርድ ሥራውን ይሥራ፤ ለፋብሪካ የሚሰጠው የመሬትና የቀረጥ ቸርነትም በሶዶ ገበያ ብረት ለሚቀጠቅጠውና ሸክላ ለምትሠራው ሰው በመጠኑ ይድረስ። ካህኑ ለንስሐ ልጁ፥ ሹሙ ለጎረቤቱ፥ መምህሩም ለባልንጀራው በቤትህ የምታገለግለው ልጅ ደመወዟ ስንት ነው ብሎ መጠየቅን አይፈር። ሠራተኛ በደጅ ቆሞ የገዛ ድካሙን ዋጋ በሚለምንበት አገር ስለ ሥራ ክቡርነት መስበክ ለሰባኪው ነውር ነው።