ቀለበት ቆጣሪዎች ሆይ፣ ማሪኖን ተዉት

ቀለበት ቆጣሪዎች አንገሽግሸውኛል። የአሜሪካ ፉትቦል ፍጻሜ የሆነው የሱፐር ቦውል ሰሞን በመጣ ቁጥር እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ የሀበሻ ምግብ ቤቶች ውስጥ ያው ክርክር ይነሳል። የማያሚ ዶልፊንሱ ኳርተርባክ ዳን ማሪኖ ስም ሲጠራ አንዱ ከጥግ «ለመሆኑ ስንት ቀለበት አለው?» ይላል፤ አለቀ፣ ደቀቀ፣ አሸነፈ። የተረታው ሰውዬ ዝም ይላል። እኔ ግን ዝም አልልም!

ቀለበቱ ሻምፒዮን ለሆነ ቡድን የሚሰጥ ጌጥ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ተቀያሪ ወንበር ላይ የከረመውም ያጠልቀዋል። ኳርተርባክ ደግሞ ኳሷን ተቀብሎ ለማን እንደሚወረውራት በሁለትና በሦስት ሰከንድ ውስጥ የሚወስን ሰው ነው። ተጋጣሚ ነጥብ ሲያስቆጥርበት እሱ ከመስመር ውጭ ቆሞ ከማየት በቀር ምንም አያደርግም። ሰውን በራሱ ሥራ መመዘን ማንን ገደለ?

እንመዝነው እንግዲህ። ለእጁ ከ10 10 እሰጠዋለሁ፤ ከዚያ በላይ ቁጥር ቢኖር አልሰስትም ነበር። ሌላው ክንዱን ወደ ኋላ ስቦ እስኪያመቻች የእሱ ኳስ ተቀባዩ ደረት ላይ ናት። እ.ኤ.አ. በ1984፣ ገና በሁለተኛ ዓመቱ፣ 5,084 ያርድና 48 ተችዳውን ወረወረ። ከእሱ በፊት የነበረው የተችዳውን ክብረ ወሰን 36 ነበር። ክብረ ወሰን ብዙውን ጊዜ በጥቂቱ ይሻሻላል፤ ይሄ ልጅ 12 ጨመረበት! 5,000 ያርድ የደረሰም ከእሱ በፊት አልነበረም። ተችዳውኑን ፔይተን ማኒንግ በአንድ የበለጠው በ2004 ነው፤ ያውም ሊጉ ተቀባዮችን የሚጎትቱ ተከላካዮች ጠበቅ ተደርገው እንዲቀጡ ዳኞችን ባዘዘበት ዓመት። ያርዱ ደግሞ እስከ 2011 አልተነካም። በማሪኖ ዘመን ተቀባይን ማንገላታት እንደ ነውር አይቆጠርም ነበር።

እግሩ? ከ10 3፤ እሱም ይሉኝታ ይዞኝ ነው። መሮጥ አልፈጠረበትም። ሆኖም በዚያ 1984 ዓመት 564 ጊዜ ወርውሮ ተቃራኒዎቹ ኳሷን ሳይለቅ የጣሉት 13 ጊዜ ብቻ ነው። ፈጥኖ የሚያይና ፈጥኖ የሚለቅ ሰው እግር ምን ያደርግለታል?

ለጭንቅላቱም 10። በ1993 የተረከዙ ጅማት ተበጥሶ «አለቀለት» ተብሎ ነበር። በዓመቱ፣ ኅዳር ላይ፣ ኒው ዮርክ ጄትስ 24 ለ 6 ሲመሩት ቆይተው ጨዋታው ሊያልቅ ሰከንዶች ሲቀሩ ማሪኖ ሰዓቱን ለማቆም ኳሷን መሬት ላይ የሚጥል መሰለ። ጄቶች ተዘናጉ። እሱ ለማርክ ኢንግራም ወረወራት፤ 28 ለ 24! በ1985ቱ ዘመን ማንም ያልደፈራቸውን ቺካጎ ቤርሶችንም 38 ለ 24 የቀጣው እሱ ነው። ቤርሶች ሻምፒዮን ሆነው በጨረሱበት በዚያ ዓመት ሌላ ሽንፈት አልቀመሱም።

አሁን ወደምትወዱት ሱፐር ቦውል እንምጣ። ጥር 1985፣ ሳን ፍራንሲስኮ 38፣ ማያሚ 16። ማሪኖ ሁለት ኳስ ተነጥቋል፤ አልሸሽግም። የሳን ፍራንሲስኮው ኳርተርባክ ጆ ሞንታናም ያን ቀን ድንቅ ነበር። ግን ሳን ፍራንሲስኮዎች ኳስ ይዘው በመሮጥ 211 ያርድ ሲያገኙ የማያሚ ሯጮች ያመጡት 25 ያርድ ነው። 25! ስለዚህ ማሪኖ 50 ጊዜ ወረወረ፣ 318 ያርድም አገኘ፤ የማያሚ ተከላካዮች ግን ሞንታናን ሊያቆሙ አልቻሉም። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። በ17 ዓመት ቆይታው በአንድ የውድድር ዘመን 1,000 ያርድ የሮጠ የቡድን ጓደኛ ያገኘው አንዴ ብቻ ነው፤ ካሪም አብዱል ጀባር፣ በ1996። አሰልጣኙ ዶን ሹላ ታላቅ ሰው ነበር፤ ይህን ጉድለት ግን እስኪሄድ አልሞላለትም፤ ለምን ማሪኖ ብቻ እንደሚወቀስ አይገባኝም።

ሌላው ኳርተርባክ ቶም ብሬዲ 7 ቀለበት አለው፤ የሚገባውም ነው። የመጀመሪያውን ያገኘበትን ጨዋታ ግን አስታውሱ፦ 145 ያርድ ወረወረ፤ የቡድኑ መቺ ቪናቲየሪ በመጨረሻዋ ሰከንድ በእግሩ መታና 20 ለ 17 አሸነፉ። 145 ያርድ የወረወረው አጠለቀ፣ 318 የወረወረው ባዶ እጁን ቀረ።

ከዚህ የባሰም አለ። ከእኛ ሰፈር ብዙ የማይርቀው ባልቲሞር በጥር 2001 ሻምፒዮን ሲሆን ኳርተርባኩ ትሬንት ዲልፈር ነበር። ዋንጫውን ያመጣው አስፈሪው የተከላካይ ክፍል መሆኑን ቡድኑ ራሱ ስለሚያውቅ ዲልፈርን ሳይቆይ አሰናበተው። ቀለበት መለኪያ ከሆነ ዲልፈር ከማሪኖ ይበልጣል ማለት ነው። በሉት እስቲ! ምግብ ቤቱ መሃል ቆማችሁ ጮክ ብላችሁ በሉት!

ጉድፉን አውቀዋለሁ። 252 ኳስ ተነጥቋል፤ በጥሎ ማለፍ 8 አሸንፎ 10 ተሸንፏል፤ የመጨረሻ ጨዋታውም በጃክሰንቪል 62 ለ 7 የተረቱበት ነው። ክንዱን ከልክ በላይ ያምን ስለነበር ሦስት ሰው መሃል ኳስ መወርወር አይፈራም። ለዚህ ነጥብ ቀንሱበት፤ ፍትሐዊ ነው። ግን የቀነሳችሁትን ሁሉ ደምሩና 61,361 ያርድና 420 ተችዳውን አጠገብ አስቀምጡት፤ ሁለቱም ጫማ ሲሰቅል የሊጉ ክብረ ወሰን ነበሩ።

ፍርዴ ይኸው ነው፦ የ1984ቱ ማሪኖ ሜዳ ላይ ከታዩ ኳስ ወርዋሪዎች ሁሉ አንደኛ ነው፤ ከሞንታናም ከብሬዲም በፊት። የምትከራከሩኝ የዚያን ዓመት ጨዋታዎች አይታችሁ ኑ፤ ቀለበታችሁን ግን ቤት ተዉት።